ፓውሎ ጌሬሮን ለታዳጊ አጥቂ ምሳሌ ማድረግ፦ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ አጥቂ እንዴት ይሠለጥናል? የተቀጣበት የሻይ ጉዳይስ እውነቱ ምንድን ነው?

የጠባሴው አሰልጣኝ

ሰላም ወንድሞችና እኅቶች። ደብረ ብርሃን ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች አሠለጥናለሁ። ከመካከላቸው ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 የደረሰ የፊት አጥቂ አለ። ትከሻው ጠንካራ ነው፣ በግንባሩም ጎበዝ ነው፤ ፍጥነቱ ግን መካከለኛ ነው። ችግሩ ኳስ በተቀበለ ቁጥር ወዲያው ዞሮ ለመሮጥ መሞከሩ ነው፤ ከአምስት ኳስ አራቱን ይነጠቃል። አማካዮቹም ኳሱ እንደሚመለስ ስለሚያውቁ ከኋላው መምጣት ትተዋል።

እንዲመለከተው የመረጥኩለት ተጫዋች የፔሩው ፓውሎ ጌሬሮ ነው። ሦስት ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ከሊማ ተነሥቶ እስከ ባየርን ሙኒክና ብራዚል የሄደበት መንገድ፤ በተለይ የት ላይ እንደዘገየና ለምን። ሁለተኛ፣ ኳስ አያያዙን ደረጃ በደረጃ ወደ ልምምድ እንዴት እንደምለውጠው፤ ርቀቱን፣ የኳሱን ብዛትና የሚበላሸውን ሁሉ ጨምራችሁ። ሦስተኛ፣ ልጆቹ «እሱ እኮ በኮኬይን የተቀጣው ነው» ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ልቼ

ሰላም አሰልጣኝ። ረጅም ሆኖ ብዙም ለማይፈጥን አጥቂ ከጌሬሮ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1984 ሊማ ውስጥ ተወለደ፤ ሰፈሩ በባሕሩ ዳር ያለው ቾሪዮስ ነው። ቤተሰቡ የኳስ ቤተሰብ ነው። አጎቱ ሆሴ ጎንሳሌስ ጋኖሳ የአሊያንሳ ሊማ በረኛ ነበር፤ በዲሴምበር 1987 ቡድኑን ጭኖ ወደ ሊማ ሲመለስ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላን ሞተ። ጌሬሮ ያን ጊዜ አራት ዓመት አልሞላውም። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም መብረር ይፈራ እንደነበር በይፋ ተነግሯል፤ ከአገር አገር እየበረረ ለሚጫወት ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

በአሊያንሳ የታዳጊዎች ቡድን ከጄፈርሰን ፋርፋን ጋር አብሮ አደገ። በ2002፣ በ18 ዓመቱ፣ ባየርን ሙኒክ ወሰደው። ለልጅዎ የሚጠቅመው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የሄደው ወደ ዋናው ቡድን አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል በባየርን ሁለተኛ ቡድን፣ በታችኛው ዲቪዚዮን፣ ከጀርመን ተከላካዮች ጋር ሲጋፋ ቆየ። ዋናው ቡድን ውስጥ በፌሊክስ ማጋት ዘመን፣ በ2004 ሲገባም ከፊቱ ሮይ ማካይ፣ የአገሩ ልጅ ክላውዲዮ ፒሳሮና ሮኬ ሳንታ ክሩዝ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገባው ተቀይሮ ነው። በ2005 እና በ2006 ሊጉንም ጥሎ ማለፉንም ቢያነሣም ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም። በ2006 ወደ ሃምቡርግ የሄደው መጫወት ስለፈለገ ነው።

ሃምቡርግ ስድስት ዓመት ቆየ፤ ደግና ክፉ የተቀላቀለበት ጊዜ ነው። በ2010 ከሃኖቨር ጨዋታ በኋላ የሰደበውን ደጋፊ በውኃ ጠርሙስ ወርውሮ መታና አምስት ጨዋታ ታገደ። በ2012 ደግሞ የሽቱትጋርቱን በረኛ ስቬን ኡልራይክን በማዕዘን ባንዲራው አጠገብ ከኋላ ጠልፎት ቀይ ካርድ አየ፤ ቅጣቱ ስምንት ጨዋታ ሆነ። ይህን ለልጁ ሳይደብቁ ይንገሩት። እየተጋፋ የሚጫወት አጥቂ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይጎተታል፣ ይረገጣል፤ ያን ችሎ መቆየት የሥራው ግማሽ ነው።

በ2012 የብራዚሉ ኮሪንቲያንስ ገባና ዲሴምበር ላይ ጃፓን ውስጥ የዓለም ክለቦች ዋንጫን አነሡ። በግማሽ ፍጻሜው አል አህሊን 1 ለ 0፣ በፍጻሜው ቼልሲን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ሁለቱንም በግንባሩ። ከዚያ በ2015 ፍላሜንጎ፣ በ2018 ኢንተርናሲዮናል፣ በኋላም አቫዪ፣ ራሲንግ፣ በ2023 የኢኳዶር ዋና ከተማ የኪቶው ሊጋ። ከኪቶው ክለብ ጋር የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ውድድር የሆነውን የኮፓ ሱዳሜሪካናን ዋንጫ ሲያነሣ 39 ዓመቱ ነበር። በ2024 ወደ አገሩ ተመልሶ መጀመሪያ ለሴሳር ባዬኾ፣ ቀጥሎ ለአሳዳጊው ለአሊያንሳ ፈረመ።

ለብሔራዊ ቡድኑ የቴኦፊሎ ኩቢያስን የ26 ጎል ክብረ ወሰን አልፎ የፔሩ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኗል። ኮፓ አሜሪካ ላይ ብቻ 14 ጎል አለው። በ2011 በአምስት ጎል ብቻውን ኮከብ ግብ አግቢ ነበር፤ በ2015 በአራት ጎል ከቺሊው ኤድዋርዶ ቫርጋስ ጋር፣ በ2019 በሦስት ጎል ከብራዚሉ ኤቨርተን ጋር እኩል ሆነ። ብራዚል በ2019 ውድድሩን ሙሉ አንድ ጎል ብቻ ነው የተቆጠረበት፤ እሱም ፍጻሜው ላይ ጌሬሮ ያገባው ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

በሬሳ

ወደ ሜዳው ሥራ ልግባ። ኳስ መያዝ በጉልበት የሚሠራ ይመስላል እንጂ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ኳሱ እግር ከመድረሱ በፊት ነው። የጌሬሮን ጨዋታ ስታይ ኳሱን ተወው፤ ኳሱ ገና አማካዩ እግር ላይ ሳለ እሱ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ተመልከት። ወደ ኋላ በትከሻው ላይ ሁለቴ ያያል። ከዚያ ወደ ተከላካዩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ያስጠጋዋል፤ ተከላካዩ ወደ ኋላ ሲል እሱ ተመልሶ ወደ ኳሱ ይመጣል። በዚህ ብቻ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ያገኛል። የአንተ ልጅ ቆሞ ጠብቆ ከሆነ የሚቀበለው፣ ምንም ጉልበት ቢኖረው ይነጠቃል።

አቋሙ እንዲህ ነው። እግሮቹ ከትከሻው ትንሽ ሰፋ፣ ጉልበቱ ጎንበስ፣ ዳሌው ዝቅ ይላል። ሙሉ ጀርባውን ለተከላካዩ አይሰጥም፤ በጎኑ ይቆማል፣ አንድ ትከሻው ወደ ተከላካዩ፣ ሌላው ወደ አቀባዩ። ኳሱን የሚቆጣጠረው ከተከላካዩ በራቀው እግር ነው። ለተከላካዩ የቀረበው ክንዱ ከጎኑ ሰፋ ብሎ ሰውየው የት እንዳለ ይዳስሳል፤ አይገፋም፣ ከትከሻ በላይም አይነሣም። ክንዱ ከተነሣ ዳኛው ፊሽካውን ለተከላካዩ ይነፋል።

ልምምዱን በአራት ደረጃ ክፈለው።

አንደኛው፣ 12 በ15 ሜትር ቦታ በኮን ከልል። አቀባዩ 10 ሜትር ርቀት ላይ ይቁም፤ ተከላካይ አይኑር። አጥቂው ትከሻውን እያየ ወጣ ገባ ብሎ ይምጣ፣ በራቀው እግር ያቁም፣ በሁለተኛ ንክኪ ይመልስ። አሥር ኳስ በቀኝ፣ አሥር ኳስ በግራ። ጭንቅላቱን ያላዞረበትን ኳስ አትቁጠርለት።

ሁለተኛው፣ ተከላካይ አንድ ሜትር ከኋላው ይቁም፤ ይነካዋል፣ ይደገፈዋል፣ ግን ኳስ አይነጥቅም። አጥቂው ክብደቱን በተከላካዩ ላይ ሳይጥል መቆምን የሚማረው እዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ተከላካዩ ሙሉ በሙሉ ይጫወት። አጥቂው ኳሱን ሦስት ሴኮንድ ከያዘ ወይም ለአቀባዩ ከመለሰ አንድ ነጥብ ያገኛል። ስምንት ኳስ አንድ ዙር፤ አራት ዙር፣ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ዕረፍት። ከዚህ በላይ ከሄድክ ድካሙ አቋሙን ያበላሸዋል፤ የተበላሸውንም አቋም ልጁ ይለምደዋል።

አራተኛው ለአንተ ቡድን ዋናው ነው፤ ሁለት አማካዮች ጨምር። ኳሱ ወደ አጥቂው አየር ላይ ሳለ፣ እግሩ ከመድረሱ በፊት፣ አንዱ አማካይ ከአጥቂው ከ5 እስከ 7 ሜትር ውስጥ ፊት ለፊቱ መድረስ አለበት፤ ሌላው በጎን አልፎ ወደ ጎል ይሮጥ። አጥቂው ለመጀመሪያው ያቀብላል፣ ያ በአንድ ንክኪ ለሯጩ ይለቃል። አማካዩ ከዘገየ ነጥቡ አይቆጠርም፤ ጥፋቱም የአጥቂው አይደለም። አማካዮችህ መምጣት ትተዋል ያልከው የሚስተካከለው በዚህ ሕግ ነው እንጂ በጩኸት አይደለም።

የሚበላሸው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ሙሉ ጀርባውን ከሰጠ ተከላካዩ በእግሮቹ መካከል እግሩን አስገብቶ ኳሱን ያወጣታል። ሁለተኛ፣ በተከላካዩ ላይ ተደግፎ ከቆመ ብልጥ ተከላካይ ድንገት አንድ እርምጃ ይሸሻል፤ ልጁ በጀርባው ይወድቃል፣ ፊሽካም የለም። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ ንክኪው ከግማሽ ሜትር በላይ ከሸሸ የያዘው ቦታ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መፍትሔው ቁርጭምጭሚቱን ኳሱ ሲነካው ላላ ማድረግ ነው። በደረት ሲቀበልም እንዲሁ፣ ትንፋሹን እያስወጣ ደረቱን ወደ ኋላ ይመልስ። አራተኛ፣ መዞር። ጌሬሮ የሚዞረው ተከላካዩ ተጠግቶ ክብደቱን በአንድ ጎን ሲጥል ነው፤ ያን ጊዜ በሌላው ጎን ይንከባለልበታል። ተከላካዩ ሁለት ሜትር ርቆ ከቆመ ደግሞ መዞር ቀላል ነው፤ ትከሻን ማየት የሚጠቅመው ይህን ቀድሞ ለማወቅ ነው።

በግንባር መምታቱን አታብዛበት። በአንድ ልምምድ አሥር ኳስ ይበቃል፤ መጀመሪያ በእጅ የተወረወረ፣ ቀጥሎ ከመስመር የተሻገረ። ልጁ በቀጥታ ከኳሱ ሥር ከመቆም ይልቅ ከሩቁ ቋሚ ጀርባ ተነሥቶ በቅስት ይምጣ። የቼልሲውን ጎል አሳየው፤ የቡድን ጓደኛው የዳኒሎ ምት በተከላካይ ተገጭቶ ወደ ላይ ጎነ፣ ጎል መስመሩ ላይ ሰው ተደርድሮ ነበር። ጌሬሮ ብዙ አልዘለለም። ኳሱ የሚወርድበትን ቦታ ከሁሉም ቀድሞ አይቶ እዚያ ቆመ፣ ግንባሩን ሰጠ፣ አለቀ። 69ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

ዘጠኝ ቁጥር

በሬሳ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን አሰልጣኝ፣ ለልጁ የሚያሳዩት የፔሩ አጥቂ ፒሳሮ ቢሆን አይሻልም ወይ? ፒሳሮ በቡንደስሊጋ 197 ጎል አለው፤ ሌቫንዶቭስኪ በ2019 እስኪያልፈው ድረስ በጀርመን ሊግ ታሪክ ከውጭ አገር ተጫዋቾች ቀዳሚው እሱ ነበር። በ40 ዓመቱም ለብሬመን ጎል አግብቷል። ጌሬሮ በጀርመን ወደዚያ አልተጠጋም።

ልቼ

ዘጠኝ ቁጥር፣ የቡንደስሊጋው ቁጥር እውነት ነው። ነገር ግን ሁለተኛውንም ቁጥር አብረህ አስቀምጠው፤ ፒሳሮ ለፔሩ በ85 ጨዋታ 20 ጎል ነው ያለው። በክለቡ ከጎኑ የሚያቀብሉት ብዙ ነበሩ። የፔሩ ብሔራዊ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ኳስ ያጣል፣ ከራሱ ሜዳ ረጅም ኳስ ያወጣል፤ ያን ኳስ ፊት ላይ ይዞ ቡድኑ ትንፋሽ እስኪያገኝ የሚያቆይ ሰው ያስፈልገዋል። ጌሬሮ ያደረገው ይህንን ነው፤ ጎሉም የመጣው ከዚያ ነው። የአሰልጣኙ ቡድን ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ጥያቄውን አንብበህ ፍረድ።

የ2015ቱን የኮፓ አሜሪካ የቦሊቪያ ጨዋታ ለማሳየት ይመቻል። ሩብ ፍጻሜ ነው፣ 3 ለ 1፣ ሦስቱንም እሱ አገባ፤ በ20ኛው፣ በ23ኛውና በ74ኛው ደቂቃ። አንዱ በግንባር፣ አንዱ በመልሶ ማጥቃት፣ አንዱ የተከላካይን ስህተት ጠብቆ። አንድ አጥቂ ማወቅ ያለበት ሦስት ዓይነት ጎል በአንድ ጨዋታ ተሰብስቦ አለ።

ዘጠኝ ቁጥር

እሺ፣ ለዚህ ቡድን ጌሬሮ ይሁን። እኔም አንድ ጎል ልጨምር፤ ሕጉን የማያውቅ ልጅ ብዙ ስለሆነ ይጠቅማል። ኦክቶበር 10 ቀን 2017፣ ሊማ፣ ፔሩ ከኮሎምቢያ፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ኮሎምቢያ 1 ለ 0 ትመራለች። ፔሩ ከሳጥኑ ውጪ ቅጣት ምት አገኘች፤ ዳኛው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፣ ማለትም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ሌላ ተጫዋች ሳይነካው ጎል ቢገባ አይቆጠርም፣ ለበረኛው የመልስ ምት ነው። ጌሬሮ በቀጥታ ወደ ጎል መታው። በረኛው ዳቪድ ኦስፒና ቢተወው ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ተወርውሮ በጣቱ ነካውና ገባ። 1 ለ 1 አለቀ። ፔሩ ከቺሊ ጋር በ26 ነጥብ እኩል ሆና በጎል ልዩነት አምስተኛ ወጣች፣ ከኒውዚላንድ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ አለፈች። ከ1982 ወዲህ ዓለም ዋንጫ ገብታ አታውቅም ነበር።

ለአጥቂዎችዎ፦ ዳኛው እጁን ቢያነሣም ጎል ላይ መምታት ኪሳራ የለውም፣ ብዙ እግር ባለበት ሳጥን ውስጥ አንዱ ሊነካው ይችላል። ለበረኛዎ ደግሞ፦ ከምቱ በፊት የዳኛውን እጅ ይመልከት፣ እጁ ተነሥቶ ኳሱን ማንም ካልነካው ይተወው።

መሐል ሜዳ ፋርማሲ

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ «ኮኬይን ወስዶ ተቀጣ» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም፣ «ምንም አላጠፋም» ማለትም ትክክል አይደለም።

ኦክቶበር 5 ቀን 2017 ቦነስ አይረስ ላይ ከአርጀንቲና ጋር 0 ለ 0 ከተለያዩ በኋላ የሰጠው ሽንት ውስጥ ቤንዞይልኤክጎኒን የሚባል ነገር ተገኘ። ሰውነት ኮኬይንን ሲሰባብር የሚተርፍ ነው። ግን ከኮካ ቅጠል ሻይም ይመጣል፤ ያ ሻይ በፔሩ በግልጽ የሚሸጥ፣ በደጋው አገር ለከፍታ ሕመም የሚጠጣ የዘወትር መጠጥ ነው። የጌሬሮ መከራከሪያ ይህ ነበር፤ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ሳለ የጠጣው ሻይ ኮካ እንደነበረበት አላወቀም።

ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። ኖቬምበር ላይ ፊፋ ለጊዜው አገደው፤ ከኒውዚላንድ ጋር የተደረጉት ሁለቱ ጨዋታዎች አመለጡት። ሊማ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያውን ያገባው ፋርፋን የጌሬሮን 9 ቁጥር ማሊያ አንሥቶ አሳየ። ዲሴምበር ላይ አንድ ዓመት ተፈረደበት፣ በዚያው ወር በይግባኝ ወደ ስድስት ወር ወረደ። የዓለም የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ግን «አንሷል» ብሎ ይግባኝ አለ፤ ሜይ 14 ቀን 2018 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ 14 ወር አደረገው። ፍርድ ቤቱ አቅሙን ለመጨመር አስቦ እንዳላደረገው ተቀብሏል፤ ሆኖም የሚጠጣውን ሳያጣራ መጠጣቱ ጥፋት ነው ብሏል። በጊዜው ሕግ ሳያስቡ ለተገኘ እንዲህ ያለ ነገር መነሻው ሁለት ዓመት ነው፤ ጥፋቱ ከባድ ካልሆነ እስከ ግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ከ12 ወር በታች መውረድ አልቻለም።

ከዚያ የሆነው ለስፖርቱ ክብር ነው። በዓለም ዋንጫው ከፔሩ ጋር በአንድ ምድብ ያሉት የሦስቱ አገሮች አምበሎች፣ የፈረንሳዩ ሎሪስ፣ የዴንማርኩ ኬር እና የአውስትራሊያው ጄዲናክ፣ ዓለም ዋንጫው ላይ እንዲጫወት ይፈቀድለት ብለው ለፊፋ ደብዳቤ ጻፉ። ሜይ 31 ቀን የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቅጣቱን ለጊዜው አቆመው። ሩሲያ ሄደ፤ አውስትራሊያን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያውን ለካሪዮ አመቻችቶ ሁለተኛውን ራሱ አገባ። ኦገስት ላይ እገዳው ተመለሰና ቀሪውን እስከ ኤፕሪል 2019 ጨረሰ።

አሁን ወደ እኛ አገር። ኮካ የለንም፤ ጫት ግን አለን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አጥቂ ልጅ «ቅጠል ነው፣ መድኃኒት አይደለም» ቢል፣ የጌሬሮ ጉዳይ መልሱ ነው። በጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ሁለቱም በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ለካቲን ገደብ አለው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ካቲኖን ገደብ የለውም። ትኩስ ቅጠል ላይ የሚበዛው ካቲኖን ነው፤ ሲደርቅ ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ስለዚህ ደረቁ አይጎዳም የሚለው ከንቱ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የጉንፋን መድኃኒት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ አፍንጫ የሚከፍት እንክብል የማይወስድ የለም፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኤፌድሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን አለባቸው። ገደባቸው ለኤፌድሪን 10፣ ለሱዶኤፌድሪን 150 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው። ልጁ መድኃኒት ሲገዛ «ስፖርተኛ ነኝ» ይበል፤ ከሣጥኑ ላይ የንግድ ስሙን ሳይሆን በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብብ። ቡና የተከለከለ አይደለም፣ በሰላም ይጠጣ።

ምርመራ ከተጠራ ሂደቱ ይህ ነው፦ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት በተቆጣጣሪ ፊት ይሰጣል፣ ራሱ በሚመርጣቸው ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ጠርሙሶች ይከፈላል፣ ራሱ ያሽጋል። የሚጠጣው እሽጉ በፊቱ የተከፈተ ውኃ ብቻ ነው። በቅርቡ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ቅጹ ላይ ያስሞላ፤ የጻፈው ኋላ ሲከራከር ይጠቅመዋል። በካምፕ ወይም በሆቴል ሻይ ሲቀርብ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልታወቀ፣ ከተከፈተ ማንቆርቆሪያ የተቀዳ ነገር አይቀበል። ልብ በሉ፣ የጌሬሮ ሻይ የተቀዳው ባለሙያ ሁሉ ባለበት ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነው፤ ተጠያቂው ግን ጠጪው ብቻ ሆነ።

የጠባሴው አሰልጣኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። ጌሬሮ በ39 ዓመቱ ኪቶ ላይ መጫወቱ ይገርመኛል፤ ከፍታው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ልጆቼ ደግሞ ለጨዋታ ወደ ሸዋሮቢት ሲወርዱ የሚሻገረው ኳስ ሁሉ አጥቂው ጋ ሳይደርስ ይወርዳል። ከከፍታው ነው ወይስ ከሙቀቱ?

ቀወት

ሁለቱም ነው፣ ግን ለኳሱ ዋናው ከፍታው ነው። ኪቶ 2,850 ሜትር ግድም ነው፣ ደብረ ብርሃንም እንደዚያው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ኳሱን የሚይዘው ስለሚያንስ ሩቅ ይሄዳል፣ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ሲጠመዘዝም ያንሳል። የእናንተ የመስመር ተጫዋች እግሩ የለመደው ያን ነው። ሸዋሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙ አትበልጥም፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ በዚያው ጉልበት የተመታ ኳስ አጥሮ ይወድቃል፣ ሲጠመዘዝ ግን ይበልጥ ይታጠፋል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት በማሞቂያው ጊዜ ከሁለቱም መስመር አሥር አሥር ኳስ ያሻግሩ፤ አጥቂውም ከለመደው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቀድሞ ይምጣ። የእኛ የቆላዎቹ ልጆች ወደ እናንተ ሲወጡ ተቃራኒው ነው፤ በረኞቻችን ከሩቅ የተመታ ኳስ ቀድሟቸው ይገባል፣ እስትንፋስም ያጥራቸዋል።

ኳሱንም ሜዳው ላይ ደርሳችሁ በመለኪያ ለኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ልክ የነበረ ኳስ ቆላ ሲወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምርበት ይላላል፤ ሙቀቱ ትንሽ ይመልሰዋል እንጂ አይተካውም። ሕጉ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው፤ 0.8 አካባቢ ለታዳጊዎች ጥሩ ነው።

በሬሳ

ስለ ዕድሜው አንድ ልጨምር። ጌሬሮ ኦገስት 2020፣ በ36 ዓመቱ፣ የቀኝ ጉልበቱ የፊት ጅማት ተበጥሶ ነበር። እንደዚያ ያለ ጉዳት በብዛት የሚመጣው ግጭት ሳይኖር፣ እግር መሬት ይዞ ሰውነት ሲዞር ወይም ዘሎ በአንድ እግር ሲያርፍ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚዞር አጥቂ ይህን በየጨዋታው ደጋግሞ ያደርገዋል። ስለዚህ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሞቂያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አሠራቸው፤ ስምንት ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ አሥር ደቂቃ የጉልበት፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው። ኳስና ሜዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዝላዩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠር፤ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ በእግሩ ጣት አቅጣጫ ይሁን።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ ሲጥል ሜዳው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ያን ጊዜ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ መሬቱን አይወጋም፣ ይንሸራተታል፤ አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ይሻላል። በክረምት ጭቃ ደግሞ ረጅሙ ጥርስ መሬት ውስጥ ተተክሎ ይቀራልና የመዞር ልምምዱን በዚያ ቀን ተወው፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ ብቻ አሠራው።